የፐብሜድ ፍለጋዬ በጃንዋሪ ለምን ሌላ ቁጥር ሰጠኝ?

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው። አንዲት የሕፃናት ሐኪም ስለ ልጆች አስም ሲስተማቲክ ሪቪው፣ ማለትም በጉዳዩ ላይ የወጡትን ጥናቶች ሁሉ ፈልጎ የሚያጠቃልል ጥናት፣ እየሠሩ ነው። በኦክቶበር የሕክምና ጽሑፎች መፈለጊያ በሆነው ፐብሜድ ላይ ፍለጋቸውን ሠርተው ስትራቴጂውን፣ ማለትም የፍለጋ ቃላቱን ከነአያያዛቸው፣ በአካውንታቸው ሴቭ አደረጉ። ፍለጋው ከ2000 እስከ 2020 በታተሙ ጽሑፎች የተወሰነ ነው። በጃንዋሪ ያንኑ ፍለጋ ምንም ሳይነኩ ደገሙት። ቁጥሩ ተለየ። አንዱ መስመር ጨምሯል፣ ሌላው ቀንሷል። የቤተ መጻሕፍታቸው ገጽ ላይ ደግሞ «ዓመታዊ የዳታቤዝ እድሳት» የሚል ማስታወቂያ ተለጥፏል። «ያለፈ ዘመን ጽሑፍ ቁጥሩ እንዴት ይቀያየራል? የተሳሳትኩት እኔ ነኝ? ሪፖርቴ ላይ የትኛውን ቁጥር ልጻፍ? ደግሞስ በፊት ይከፈቱልኝ የነበሩ አንዳንድ ጆርናሎች አሁን ለምን አልከፈት አሉኝ?» ይላሉ።

ዶክተር፣ መጀመሪያ ልብዎ ይረፍ። አልተሳሳቱም። ጽሑፎቹም አልጠፉም። የተቀየረው ጽሑፎቹ የሚመደቡባቸው የርዕስ መጠሪያዎች ናቸው። ይህ በየዓመቱ የሚደረግ፣ ቀኑም አስቀድሞ የሚታወቅ ሥራ ነው። የሚያሳዝነው፣ ማስታወቂያው የሚደርሰው እኛ የቤተ መጻሕፍት ሰዎች ዘንድ መሆኑ ነው። ፍለጋውን የሚሠራው ተመራማሪ ግን ብዙ ጊዜ አይሰማም። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ላስረዳዎት። ዓመታቱንና ወራቱን በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።

ፐብሜድን የሚያስተዳድረው ሜሪላንድ፣ ቤተስዳ የሚገኘው የአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት ነው። ተቋሙ በ1836 ሲጀመር በጦር ሠራዊቱ ዋና ሐኪም ቢሮ ውስጥ ያለ የመጻሕፍት ስብስብ ነበር። በ1879 የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ጆን ሾው ቢሊንግስ የሕክምና ጽሑፎችን በርዕስ የሚያወጣ ማውጫ ማሳተም ጀመረ። ስሙም ኢንዴክስ ሜዲከስ ነው። በ1960 የዛሬው የርዕስ መጠሪያዎች ዝርዝር ወጣ። ሜሽ የምንለው እሱን ነው። በ1971 ሜድላይን የተባለውን የቤተ መጻሕፍቱን ዳታቤዝ በኦንላይን መፈለግ ተቻለ። በ1997 ደግሞ ፐብሜድ ለማንም ሰው በነፃ ተከፈተ። የወረቀቱ ማውጫ እስከ 2004 ድረስ ይታተም ነበር። በየዓመቱ ተጠቃሎ ይወጣ ስለነበር፣ የመጠሪያዎቹ ዝርዝርም በዓመት አንዴ መታደሱ ለሥራው ይመች ነበር። ወረቀቱ ቀረ፣ የዓመቱ ዑደት ግን አለ።

እዚህ ላይ ሁለት ስሞችን እንለይ፤ ብዙ ሰው ያምታታቸዋል። ፐብሜድ ትልቁ ቋት ነው። ከ37 ሚሊዮን በላይ መዝገቦች አሉት፤ መዝገብ የምንለው የአንድን ጽሑፍ መረጃ ነው። ሜድላይን በውስጡ ያለው ትልቁ ክፍል ነው። የሜድላይን መዝገብ የሜሽ መጠሪያዎች ተሰጥተውታል። ከሜድላይን ውጪ ያሉት ፐብሜድ ውስጥ ይገኛሉ፣ ግን ሜሽ የላቸውም። ገና ከአሳታሚ የመጡ አዳዲስ ጽሑፎች እንደዚህ ናቸው። በሜድላይን የማይካተቱ ጆርናሎች ላይ ወጥተው ፒኤምሲ በሚባለው የነፃ ጽሑፎች ማኅደር በኩል የገቡትም እንዲሁ። ይህን ልዩነት ይያዙልኝ፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ሜሽ ለምን አስፈለገ? አንዱ ደራሲ ካንሰር ይላል፣ ሌላው ቱሞር፣ ሦስተኛው ማሊግናንሲ። ሜሽ ሁሉንም ኒዮፕላዝምስ በሚለው መጠሪያ ሥር ይሰበስባቸዋል። እንዲህ ያሉ 30 ሺህ ያህል ዋና መጠሪያዎች አሉ። የተደረደሩትም በ16 ትልልቅ ዘርፎች፣ ከሰፊው ወደ ጠባቡ እየወረዱ ነው። የእርስዎን ርዕስ እንውሰድ። አስም በመተንፈሻ አካላት በሽታዎች ሥር ይገኛል። በበሽታ መከላከል ሥርዓት በሽታዎች ሥርም ይገኛል። ከአስም በታች ደግሞ ጠባብ መጠሪያዎች አሉ፦ በአካል እንቅስቃሴ የሚነሳ አስም፣ በአስፕሪን የሚነሳ አስም፣ ከሥራ ቦታ ጋር የተያያዘ አስም፣ በሕክምና አልመለስ ያለ ከባድ የአስም ጥቃት።

ፐብሜድ ላይ አስምን በሜሽ ሲፈልጉ፣ ፐብሜድ ከሥሩ ያሉትን ሁሉ ሳይጠይቅዎት ይጨምራል። ባለሙያዎቹ ይህን ኤክስፕሎድ ማድረግ ይሉታል። የጻፉት አንድ ቃል ነው። ማሽኑ የሚፈልገው ግን በዚያን ዕለት ከዚያ ቃል ሥር የተመደበውን ሁሉ ነው። ሴቭ ያደረጉት የፍለጋ ጽሑፉን እንጂ ያን ዕለት ከሥሩ የነበረውን ዝርዝር አይደለም። የዓመቱ እድሳት የሚነካውም ይህንን ነው።

ሥራው የሚሄደው እንዲህ ነው። ዓመቱን ሙሉ የሜሽ ባለሙያዎች አዳዲስ ሐሳቦችን፣ ያረጁ ስሞችንና የማይስማሙ አመዳደቦችን ይገመግማሉ። ወደ ዓመቱ መጨረሻ የሚቀጥለው ዓመት ዝርዝር ይወጣል። ከዚያ ለውጡ ቀድሞ በነበሩት ሚሊዮኖች መዝገቦች ላይ ይካሄዳል። ወደ ጃንዋሪ አካባቢ ፐብሜድ በአዲሱ ዝርዝር መሥራት ይጀምራል። በየዓመቱ ጥቂት መቶ አዳዲስ መጠሪያዎች ይገባሉ። የተወሰኑት ስማቸው ይቀየራል፣ የተወሰኑት ይሰረዛሉ ወይም ከሌላ ጋር ይዋሃዳሉ፣ ሌሎቹ ደግሞ ቦታቸውን ይቀይራሉ። የኦክቶበሩ ፍለጋዎ በአሮጌው፣ የጃንዋሪው በአዲሱ ዝርዝር ሄደዋል ማለት ነው።

ከለውጦቹ ሁሉ ቀላሉ የስም ለውጥ ነው። ለምሳሌ ድሮ «ሜንታል ሪታርዴሽን» ይባል የነበረው መጠሪያ አሁን «ኢንተለክቹዋል ዲስአቢሊቲ» ሆኗል። ሰውን የሚያሳንስ ስም መቀየሩም ተገቢ ነው። እንዲህ ሲሆን አሮጌዎቹ መዝገቦች ላይም አዲሱ ስም ይተካል። የቀድሞው ስም ወደ አዲሱ የሚመራ ተለዋጭ ቃል ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ፐብሜድ ላይ ብዙም አይጎዳዎትም።

አዲስ መጠሪያ ሲገባ ግን ነገሩ ይከብዳል። ቤተ መጻሕፍቱ በመርህ ደረጃ አሮጌ ጽሑፎችን መልሶ በአዲስ መጠሪያ አይመድብም። አዲሱ መጠሪያ ከዚያ ወዲህ ለሚመጡት ነው። ስለዚህ አዲስ መጠሪያ አይተው ደስ ብሎዎት በእሱ ብቻ ቢፈልጉ፣ ከመግባቱ በፊት የነበረው ጽሑፍ ያመልጥዎታል። ኤድስን እናስብ። የመጀመሪያዎቹ ሕሙማን ሪፖርት የወጣው በጁን 1981 ነው። ኤድስ የሚለው ስም ሥራ ላይ የዋለው በ1982 ነው። የሜሽ መጠሪያው የመጣው በ1983 ነው። እነዚያን የመጀመሪያ ጽሑፎች የጻፉት ሐኪሞች በሽታውን በስሙ ሊጠሩት አይችሉም ነበር፤ ስም አልነበረውማ። የሚጽፉት ስለ ሳንባ ምች፣ ስለ ካፖሲ ሳርኮማና ስለ ተዳከመ የበሽታ መከላከል አቅም ነበር።

ለዚህ መፍትሔ አለው። እዚያው ፐብሜድ ቤት ውስጥ የሜሽ ዳታቤዝ አለ። አንድን መጠሪያ ሲከፍቱ የገባበትን ዓመት ያሳያል። ብዙ ጊዜ ከሥር «የቀድሞ ምደባ» የሚል መስመርም ያገኛሉ። ከዚያ ዓመት በፊት ጉዳዩ በየትኞቹ መጠሪያዎች ይመደብ እንደነበር ይነግርዎታል። እነዚያን ወደ ፍለጋዎ ይጨምሩ። ይህን መስመር የሚያነብ ሰው ጥቂት ነው። እኔ ግን የአንድን ፍለጋ ጥራት ሳይ መጀመሪያ የማጣራው እሱን ነው።

ከመርሁ የሚያፈነግጡም አሉ። ኮቪድ-19 አንዱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለበሽታው ስም ያወጣው በፌብሩዋሪ 11 ቀን 2020 ነው። ሜሽ የሚቀጥለውን ዓመት መጠበቅ ስላልቻለ መጀመሪያ በተጨማሪ መጠሪያነት አስገባው። በ2021 ዝርዝር ላይ ዋና መጠሪያ ሆነ፣ ቀድሞ የተመደቡትም ወደ እሱ ተዛወሩ። ሌላው «ሲስተማቲክ ሪቪው» ነው። በ2019 የጽሑፍ ዓይነት መለያ ሆኖ ሲገባ ቀደም ሲል ለታተሙት ሪቪዎችም ተሰጥቷል። እንዲህ ያለ ለውጥ በሆነበት ዓመት የድሮ ጽሑፎች ቁጥር በአንድ ሌሊት ሊያድግ ይችላል። አዲስ ነገር ስለታተመ አይደለም፤ የነበረው አዲስ መለያ ስላገኘ ነው።

ሦስተኛውና የማይታየው የቦታ ለውጥ ነው። አንድ ጠባብ መጠሪያ ከአንድ ሰፊ መጠሪያ ሥር ወጥቶ ወደ ሌላ ይሄዳል። ስሙ አልተቀየረም፣ መዝገቦቹም አልተነኩም። ግን ሰፊውን ቃል ኤክስፕሎድ አድርገው ከፈለጉ ውጤትዎ በድንገት ይቀንሳል ወይም ያድጋል። አንዱ መስመርዎ ቀነሰ፣ ሌላው ጨመረ ብለውኛል። መጀመሪያ የምጠረጥረው ይህንን ነው።

ከሜሽ ውጪ የሆኑ ምክንያቶችም አሉ። ፐብሜድ ላይ ያለ ምንም ምልክት ጥቂት ቃላት ብቻ ከጻፉ፣ ፐብሜድ ራሱ ይተረጉማቸዋል። ወደ ሜሽ ይመራቸዋል፣ በተራ ቃልነትም ይፈልጋቸዋል። ሜሽ ሲታደስ ተለዋጭ ቃላቱም ስለሚታደሱ ትርጉሙ ሊለወጥ ይችላል። ቃሉን በትእምርተ ጥቅስ ካሰሩት ወይም የቃሉን መጨረሻ በኮከብ ምልክት ከቆረጡት ይህ ትርጉም አይሠራም። ያኔ ያገኙት የጻፉትን ብቻ ነው። ሁለቱም የራሳቸው ጥቅም አላቸው። የትኛው እየሠራ እንደሆነ ማወቁ ግን ግድ ነው። አድቫንስድ በሚለው ገጽ ላይ የፍለጋ ታሪክዎ አለ። እያንዳንዱን መስመር ሲዘረዝሩት ፐብሜድ ጥያቄዎን እንዴት እንደተረዳው ቃል በቃል ያሳይዎታል። ከዛሬ ጀምሮ ፍለጋ በሠሩ ቁጥር ያንን ዝርዝር ገልብጠው በሰነድ ያስቀምጡ። በኦክቶበር ይህን ቢያስቀምጡ ኖሮ የዛሬው ጥያቄ በአምስት ደቂቃ ይፈታ ነበር። ግን ይህን የሚነግር ሰው የለም፣ ስለዚህ አይቆጩ።

የቀን ገደብም ያሳስታል። ፐብሜድ የኅትመት ቀን ሲል በኦንላይን የወጣበትንም በወረቀት የታተመበትንም ያያል። በዲሴምበር 2020 በኦንላይን ወጥቶ በማርች 2021 በወረቀት የታተመ ጽሑፍ በሁለቱም ዓመት ይገኛል። ከዚህ በተጨማሪ የድሮ ጽሑፎች ዛሬም ይገባሉ። አንድ ጆርናል የቆዩ እትሞቹን ወደ ፒኤምሲ ሲያስገባ፣ የ2005 ጽሑፍ በ2020ዎቹ ፐብሜድ ላይ አዲስ ሆኖ ብቅ ሊል ይችላል። የተደጋገሙ መዝገቦችም ሲገኙ ይዋሃዳሉ፤ ይህ ቁጥር ይቀንሳል። የተሻሩ ጽሑፎች ግን አይወጡም። «ተሽሯል» የሚል ምልክት ተደርጎባቸው እዚያው ይቆያሉ። ካካተቷቸው ጥናቶች መካከል በዚህ መሃል ምልክቱ የወጣበት ካለ አሁን ያያሉ፤ ይህን መፈተሽ ለሪቪው በጣም አስፈላጊ ነው።

አሁን ስለ ልጆች ጉዳይ። በጎን ያለውን የዕድሜ ፊልተር ተጠቅመው ከሆነ እባክዎ ይተዉት። ፊልተሩ የሚሠራው በሜሽ የዕድሜ መለያዎች ነው። ከ2 እስከ 5 ዓመት አንድ፣ ከ6 እስከ 12 አንድ፣ ከ13 እስከ 18 አንድ እያለ ይሄዳል። ሜሽ የሌለው መዝገብ የዕድሜ መለያም የለውም። ስለዚህ ፊልተሩን ሲነኩ፣ ከላይ ያልኳቸው ከሜድላይን ውጪ ያሉ ጽሑፎች በሙሉ ከውጤትዎ ይቀራሉ። ርዕሳቸው ላይ «ልጆች» ተብሎ በግልጽ ቢጻፍም ይቀራሉ። «ሰው ብቻ» የሚለው ፊልተርም እንዲሁ ነው። ከፊልተር ይልቅ የዕድሜውን ሜሽ መጠሪያዎችና በርዕስና በአብስትራክት የሚገኙ ተራ ቃላትን «ወይም» (OR) በሚለው አያይዘው አንድ መስመር ይሥሩ። ቻይልድ፣ ቺልድረን፣ ፔዲያትሪክ፣ አዶለሰንት እያሉ። በሁለቱም ዓይነት አጻጻፍ፣ በእንግሊዝና በአሜሪካ።

ይህ ምክር ከ2022 ወዲህ ይበልጥ አስፈላጊ ሆኗል። ድሮ የሜሽ መጠሪያ የሚሰጠው ሰው ነበር። ኢንዴክሰሩ ጽሑፉን ከፍቶ፣ የአሠራር ክፍሉን ሳይቀር አይቶ ይመድበዋል። ከአፕሪል 2022 ጀምሮ የሜድላይን ምደባ በኮምፒውተር ፕሮግራም ነው የሚሠራው። ሰዎች የሚገመግሙት የተመረጡትን ነው። ትልቅ ጥቅም አምጥቷል። ቀድሞ ሳምንታትና ወራት ይጠብቅ የነበረ ጽሑፍ አሁን በአንድ ቀን ውስጥ መጠሪያ ያገኛል። ፕሮግራሙ ግን የሚያነበው በዋናነት ርዕሱንና አብስትራክቱን ነው። ጽሑፉ ውስጥ ጠለቅ ብሎ የተቀመጠ ነገር፣ ለምሳሌ ከተሳታፊዎቹ ከፊሎቹ ልጆች መሆናቸው አብስትራክቱ ላይ ካልተነሳ፣ መለያው ላይመጣ ይችላል። ስለዚህ በሜሽ ብቻ የተሠራ ፍለጋ ዛሬ አይበቃም። በተራ ቃላት ብቻ የተሠራም አይበቃም። ሁለቱ ጎን ለጎን ይሂዱ። አንዱ ሲቀየር ሌላው ይይዝልዎታል።

አሁን ምን ያድርጉ? በኦክቶበር ያወረዷቸው መዝገቦች ሪፈረንስ ማኔጀርዎ፣ ማለትም የጽሑፍ ማስቀመጫ ፕሮግራምዎ ውስጥ አሉ። እያንዳንዱ መዝገብ ፒኤምአይዲ የሚባል የራሱ ቁጥር አለው። መጠሪያው፣ ምደባው፣ ቀኑ ሁሉ ቢቀየር ይህ ቁጥር አይቀየርም። የኦክቶበሩን ፒኤምአይዲዎች በዝርዝር ያውጡ። የጃንዋሪውንም ያውጡ። በማንኛውም የሠንጠረዥ ፕሮግራም ሁለቱን ያነጻጽሩ። በአዲሱ ብቻ ያሉት አንድ ወገን፣ በአሮጌው ብቻ ያሉት ሌላ ወገን ይሆናሉ።

ከዚያ ከየወገኑ የተወሰኑትን ከፍተው ይዩ። በአዲሱ ብቻ ያሉት ሁሉ አንድ የሚጋሩት መጠሪያ ካላቸው፣ ያ መጠሪያ ነው የገባው ወይም የተዛወረው። ፐብሜድ ላይ መዝገቡ የተፈጠረበት ቀን ከኦክቶበር ወዲህ ከሆነ፣ ዘግይቶ የገባ የድሮ ጽሑፍ ነው። በአሮጌው ብቻ ያሉትን በፒኤምአይዲ ሲፈልጓቸው ጭራሽ ካልተገኙ መዝገቡ ተዋህዷል ወይም ተሰርዟል። ካሉ ግን ከፍለጋዎ የወጡት በምደባ ለውጥ ነው። ያን መጠሪያ ለብቻው ጨምረው ይመልሷቸው። ቤተ መጻሕፍቱ በየዓመቱ አዲስ የገቡ፣ የተለወጡና የተሰረዙ መጠሪያዎችን ዝርዝር በነፃ ያወጣል። በራስዎ ርዕስ ዙሪያ ያሉትን ብቻ ቢያዩ ይበቃዎታል።

ሥራው አድካሚ ይመስላል። ግን በአሮጌው ብቻ የነበረ አንድ ጥሩ ክሊኒካል ትራያል (በሰዎች ላይ የተደረገ የሕክምና ሙከራ) ከሪቪው ቢቀር፣ መደምደሚያው ሊዛባ ይችላል። የሪቪው ዋጋ በፍለጋው ሙሉነት ላይ ነው። ያንን መደምደሚያ አንብቦ ለሕፃን መድኃኒት የሚያዝ ሐኪም አለ።

የትኛውን ቁጥር ልጻፍ ላሉት፦ ያጣሩትን ነው የሚጽፉት። የለዩት፣ ያነበቡትና የወሰኑበት የኦክቶበሩ ስብስብ ከሆነ የኦክቶበሩ ቁጥር ይጻፋል። ፍለጋው የተሠራበት ቀንም አብሮ ይጻፋል። በጃንዋሪ ቁጥር አይተኩት። ፍለጋን ስለ መዘገብ በ2021 የወጣው ፕሪስማ-ኤስ መመሪያ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ለእያንዳንዱ ዳታቤዝ የተሠራበት ቀን፣ በየትኛው ድርጅት በኩል እንደተፈለገና ስትራቴጂው እንዳለ ተገልብጦ ይቅረብ ይላል። አንባቢ ፍለጋውን እንደገና ሠርቶ ሌላ ቁጥር ቢያገኝ አይገርምም። ቀኑ ካለ ምክንያቱን ያውቃል።

በየትኛው ድርጅት በኩል የሚለው ዝም ብሎ የተጻፈ አይደለም። ሜድላይንን በኦቪድ ወይም በኤብስኮ በኩል መፈለግ ይቻላል። እነዚህ ድርጅቶች የታደሰውን ዳታ ተቀብለው በራሳቸው ጊዜ ነው የሚጭኑት። ስለዚህ በዓመቱ መግቢያ ሰሞን አንድ ዓይነት ፍለጋ በፐብሜድና በኦቪድ የተለያየ ነገር ሊሰጥ ይችላል። ሌላው የሕክምና ዳታቤዝ ኤምቤዝ ደግሞ ኤምትሪ የሚባል የራሱ ዝርዝር አለው። የሜሽን ስትራቴጂ ገልብጦ እዚያ መለጠፍ አይሠራም።

በጃንዋሪ የገቡትን አዳዲስ መዝገቦች ግን አይጣሏቸው። እንደ ማሻሻያ ፍለጋ ያጣሯቸውና የተገኙትን፣ የተጣሩትንና የተካተቱትን ቁጥር በሚያሳየው የፍሰት ሥዕል ላይ ለብቻቸው ያሳዩዋቸው። ማሻሻያ ሲሠሩ በኅትመት ቀን አይገድቡ፤ ዘግይተው የገቡት ያመልጥዎታል። መዝገቡ ፐብሜድ ላይ በተፈጠረበት ቀን፣ ክሪኤት ዴት በሚባለው መስክ ይጠቀሙ። ኢንትሬዝ ዴት የሚባል ተመሳሳይ መስክም አለ። ግን ከታተመ ከዓመት በላይ ቆይቶ ለገባ ጽሑፍ እሱ የሚይዘው የኅትመቱን ቀን ነው። ስለዚህ ለእርስዎ ጉዳይ አይመችም። በነገራችን ላይ ፍለጋውን በ2020 የዘጉበት ሳይንሳዊ ምክንያት ከሌለ እንደገና ያስቡበት። ሲስተማቲክ ሪቪዎችን የሚያወጣው ዓለም አቀፍ ድርጅት ኮክሬን ለራሱ ሪቪዎች ከኅትመት በፊት ባሉት 12 ወራት ውስጥ ፍለጋው እንዲታደስ ይጠይቃል። ሌሎች ኤዲተሮችም ይህን ማንሳታቸው አይቀርም።

ሴቭ ያደረጉት ፍለጋ በኢሜይል አለርት የሚልክልዎት ከሆነ በየጃንዋሪው አንዴ ከፍተው ይዩት። አለርት ዝም ሲል ሰው አዲስ ጽሑፍ የለም ብሎ ያስባል። የተሰረዘ መጠሪያ ወይም የተዘጋ አካውንትም ዝም ያሰኘዋል። በጁን 2022 የፐብሜድ አካውንት የቀድሞ የይለፍ ቃል አሠራር ቀርቶ በሌላ ድርጅት ወይም በተቋም አካውንት መግባት ግዴታ ሲሆን፣ ከዚያ በፊት ያላገናኘ ሰው የድሮ ፍለጋዎቹን ማግኘት ከብዶታል። ስትራቴጂውን በራስዎ ኮምፒውተርም ይያዙት የምለው ለዚህ ነው።

አገልግሎቶቹም ይለወጣሉና። የመርዛማ ነገሮች መረጃ ይገኝበት የነበረው ቶክስኔት በዲሴምበር 2019 ተዘጋ። መረጃው ወደ ፐብኬም (የኬሚካሎች ዳታቤዝ) እና ወደ ሌሎች ተበተነ። የጤና መረጃ ድረ ገጹ ፐብሜድ ሄልዝ በኦክቶበር 2018 ቆመ። ስለ ዘር ውርስ በሽታዎች የነበረው ጄኔቲክስ ሆም ሪፈረንስ በ2020 ለሕዝብ የጤና መረጃ ወደሚሰጠው ሜድላይንፕላስ ገባ። የሕክምና ሙከራዎች የሚመዘገቡበት የክሊኒካል ትራያልስ ዶት ጎቭ የድሮ ገጽ በጁን 2024 ተሰናበተ። በፕሮቶኮልዎ የጠቀሱት ድረ ገጽ ዛሬም በዚያ ስሙ መኖሩን ማየት አይከፋም።

የመጨረሻው ጥያቄዎ የማይከፈቱት ጆርናሎች ነው። ይህ ከሜሽ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም፤ በጊዜ መገጣጠም ብቻ ነው። የጆርናል ደንበኝነት በአብዛኛው ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር ነው። በዓመቱ መግቢያ ክፍያው ወይም ውሉ ከዘገየ በሩ ይዘጋል፣ ሲጠናቀቅ ይከፈታል። አንዳንድ ጆርናሎች ደግሞ በዓመቱ መጨረሻ ከአንዱ አሳታሚ ወደ ሌላው ይዛወራሉ። ቤተ መጻሕፍትዎ የገዛው የድሮውን አሳታሚ ጥቅል ከሆነ፣ ጆርናሉ አብሮ ሊወጣ ይችላል። ተከፍሎባቸው የነበሩት የቀድሞ ዓመታት እትሞች ግን ብዙ ጊዜ መብታቸው ይቀጥላል። ሊንኩ ወደ አሮጌው ቦታ እየወሰደዎት ስለሆነ ብቻ ላይከፈቱ ይችላሉ። ተቋምዎ ሂናሪን፣ ማለትም ለታዳጊ አገሮች የጤና ጆርናሎችን በነፃ ወይም በአነስተኛ ዋጋ የሚያቀርበውን ፕሮግራም፣ በሪሰርች ፎር ላይፍ በኩል የሚጠቀም ከሆነ፣ አሳታሚዎች ከተወሰኑ አገሮች ጆርናሎቻቸውን ሊያገሉ እንደሚችሉም ይወቁ።

ስለዚህ «አይሠራም» ብቻ ብለው አይተዉት። ለቤተ መጻሕፍቱ ባለሙያ የጆርናሉን ስም፣ የጽሑፉን ዓመትና ቅጽ፣ ስክሪኑ ላይ የመጣውን መልእክት እና ከግቢ ውስጥ ይሁን ከቤት እንደሞከሩ ጽፈው ይላኩ። ዓመቱ ወሳኝ ነው። የ2012 ጽሑፍ እምቢ ሲል የሊንክ ችግር ሊሆን ይችላል፣ የዘንድሮው እምቢ ሲል የደንበኝነት። መልሱ እስኪመጣ ደግሞ ፐብሜድ ላይ የጽሑፉን ገጽ ከፍተው በቀኝ በኩል ያሉትን የሙሉ ጽሑፍ ምልክቶች ይዩ። የፒኤምሲ ምልክት ካለ ነፃ ቅጂው እዚያው አለ፤ ከሌለ ለደራሲው በኢሜይል መጠየቅ ይቻላል። ብዙዎቹ በደስታ ይልካሉ።